የጋሼ ፈቀቅ አንድ ለአንድ ፕላን

በዓለም ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ፣ የገባበትን ክፍል እንዳገኘው ትቶ መውጣት የማይሆንለት አንድ ሰው አለው። እናንተም ቤት አለ፤ አትሸምጥጡ። ለአምስት ደቂቃ ብቅ ብሎ ወንበር ሲሰጡት፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ያዞራል። የታመመ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ በሽተኛውን ከነአልጋው ወደ መስኮቱ ይገፋዋል። ፖስታ ቤት ተራ እየጠበቀ የአበባ ማስቀመጫውን በእግሩ ገፋ፣ ገፋ ያደርግና ዘበኛው ሲያፈጥበት "እንዲህ አይሻልም?" ይላል። የሚያናድደው ደግሞ እውነትም መሻሉ ነው።

የእኛ ቤተሰብ ድርሻ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሌላው ሰው ይህን አመል አመል ብሎ ይዞት ይኖራል፤ አጎቴ ግን መተዳደሪያ አደረጉት። ካርዳቸው ላይ "የንግድ ቤቶች የውስጥ ውበት ዕቅድ ከፍተኛ አማካሪ" ይላል። ከማን ከፍ እንዳሉ አይገልጽም፤ አብሯቸው የሚሠራ ሌላ አማካሪ የለም። ስማቸውም በትልቁ ተጽፏል፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰፈሩም፣ ደንበኞቻቸውም፣ እኛም ጋሼ ፈቀቅ ነው የምንላቸው። ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ቃል አለቻቸው፤ "ትንሽ ፈቀቅ ትበል" የምትል።

ቃሏን ለመደርደሪያም፣ ለመብራትም፣ ለቆመ ሰውም ያለ አድልዎ ይጠቀሙባታል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽራውና ሙሽራዋ ተቃቅፈው የቆሙ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ግን ክቡርነታቸው ሙሽራዋን በትከሻዋ ይዘው ወደ ብርሃኑ እየገፏት ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ዝነኛው የፀጉር አስተካካዩ ቤት ነው። "ሰው መስታወት እያየ ሲስተካከል ሥራ ያስፈታል" ብለው ወንበሮቹን በሙሉ ጀርባቸውን ለመስታወቱ አዞሯቸው። እንግዲህ የሚስተካከለው ሰው ፊት ለፊቱ የሚያየው ተራ ጠባቂዎቹን ሆነ። ራሱን ማየት ስላልቻለ ከእነሱ ፊት ላይ ማንበብ ጀመረ። ቅንድብ ከፍ ካለ ይደነግጣል፤ አንድ ሰው ሳቁን ከዋጠ ያልቅለታል። አንዱማ ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል አንዷ እጇን በአፏ ስትጭን አይቶ፣ ግማሽ ጢሙን ይዞ ከነሽርጡ ወጥቶ ሮጠ። ሴትዮዋ ለካ ምድጃ ላይ የተወችው ድስት ትዝ ብሏት ነው። ባለቤቱ ግን እስከዛሬ ጋሼ ፈቀቅን ያመሰግናቸዋል፤ "ከጎን ትንሽ ጨምር፣ ከላይ ትንሽ ቀንስ" የሚለው ጭቅጭቅ ቀረለት።

ጫማ መሸጫም ሠርተዋል። ሰው ጫማ ሲለካ ተደላድሎ ይቀመጥ ብለው ሶፋውን ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገው አሠሩት። የተቀመጠ ሁሉ መነሳት አቃተው። ሻጮቹ ከመሸጥ ይልቅ ሰው ሲያነሱ ይውሉ ጀመር፤ አንዲት አዛውንት ደግሞ ተመችቷቸው ሱቁ እስኪዘጋ ሹራብ ሲሠሩ ዋሉ። ጋሼ ፈቀቅ ይህን እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ምስክር ወረቀት ነው የሚያወሩት።

ታዲያ ፕላናቸውን በወረቀት አይሠሩም። "ወረቀት ላይ ያለ ባንኮኒ ማንንም ገጭቶ አያውቅም" ይላሉ። የሚሠሩት በፕላስተር፣ በካርቶንና በዘመድ ነው። ግድግዳና በር የሚሆነውን ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር ያሰምራሉ። ባንኮኒና መደርደሪያ የሚሆነውን ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠው ያቆማሉ። ከዚያ ዘመድ አዝማዱን ጠርተው ውስጡ እንደ ደንበኛ ያስወጡታል፣ ያስገቡታል። አንድ ጊዜ ሳላስተውል ፕላስተሩን ተራምጄ ገብቼ፣ ወጥቼ በበሩ እስክመለስ ድረስ ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም።

ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እንግዲህ ታላቅ እህቴ መድኃኒት ቤቷን ለእሳቸው የሰጠችው። መስጠት እንኳን አይባልም። ክፍል መከራየቷን ለእማዬ በስልክ በነገረቻት በማግስቱ፣ ጋሼ ፈቀቅን በሩ ላይ ፕላስተር እንደያዙ ቆመው አገኘቻቸው። አጎት ናቸው፤ ምን ይባላል?

እህቴ አሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች ፋርማሲስት ናት። በእነዚህ ዓመታት "የራሴ ቢሆን እንዲህ አላደርገውም ነበር" ስትል ያጠራቀመችው ነገር አንድ ሙሉ ቤት ይወጣዋል። አሁን ክፍሉ ተገኘ፣ ስሟ የተጠለፈበት ነጭ ጋዋን ተሰፋ፤ የቀራት ፈቃዱ ብቻ ነበር። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የአዳዲስ መድኃኒት ቤቶችን ፕላን የሚቀበለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዘንድሮው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር። ፕላኑ የጸደቀለት አሠርቶ ይከፍታል፤ ያልጸደቀለት እስከ ከርሞ ይጠብቃል። የክፍሉ ባለቤት ደግሞ እስከ ከርሞ የሚታገሥ ሰው አይደለም፤ ሞባይል መሸጫ ልክፈትበት የሚል ሌላ ተከራይ በየሁለት ቀኑ በመስኮት ሲያጮልቅ እናየው ነበር። ሐሙስ ካመለጣት እህቴ ወደ ድሮ አለቃዋ አንገቷን ደፍታ መመለሷ ነው።

ጋሼ ፈቀቅ አምስት ሳምንት ሠሩ። ከካርቶን የተሠራው ባንኮኒ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቦታ ቀየረ፤ የቆጠረው እንጨቱን እንዲሠራ የተቀጠረው አናጢ ነው፣ ሌላ ሥራ ስላልነበረው። ጣውላውን ደርድሮ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በየቀኑ ይመጣል።

"ጋሼ፣ ልቁረጥ?"

"ቆይ። ትንሽ ፈቀቅ ትበል።"

እኛ ደግሞ የሙከራ ደንበኞች ነበርን። ለእኔ የደረሰኝ ሆዱን የታመመ ሰው ነው፤ አጎንብሼ ገብቼ አጎንብሼ እወጣለሁ። ይህን ያዩ የሰፈር ሰዎች ሚስቴን መንገድ ላይ እያስቆሙ "ምን ሆነብሽ?" ይሏት ጀመር። አናጢው የተኛ ልጅ የያዘ አባት ሆኖ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ትከሻው ላይ ተጋድሞለት ይሰለፋል። እማዬ ሳል የያዛት ሴት እንድትሆን ተነግሯት ነበር፤ ሳል ለእሷ አነሳትና በሁለተኛው ቀን ራሷን ወደ ሳንባ ምች አሳደገች።

"አንቺ፣ ሳል ብቻ ነው ያልኩሽ!" አሉ ወንድሟ።

"አንተ ባንኮኒህን አስተካክል። በሽታዬን ለእኔ ተወው።"

እህቴ በየማታው አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። "ጋሼ፣ ወረቀቱስ? ሐሙስ እኮ የሚፈልጉት ወረቀት ነው።"

"የወረቀቱ ዕዳው ገብስ ነው" ይሏታል።

ሰኞ ዕለት ነገሩ ሁሉ መልኩን ቀየረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ከበር ውጭ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልይ ብለው፣ ያለነውን ዘመዶች በሙሉ እስከ አስፋልቱ አሰለፉን። ሰልፍ ያየ ሰው ደግሞ መቼም አያስችለውም። መጀመሪያ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ከኋላዬ ቆመች። ቀጥሎ አንድ ባለ ባርኔጣ መጣና ከእሷ ኋላ ቆመ።

"ምን እየተሰጠ ነው?" ሲል ሰማሁት።

"እኔ እንጃ። ግን ይኼ ሁሉ ሰው በከንቱ አይቆምም።"

"እውነትሽን ነው" አለና ጋዜጣውን ዘረጋ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃያ ስድስት የማናውቀው ሰው ተሰልፏል። እኛ ዘመዶች እንደገና ለመሰለፍ ብንዞር "ተራችሁን ጠብቁ" ብለው ተቆጡን። እህቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከካርቶኑ ኋላ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያሉት መደርደሪያዎች የፍሪጅ ሥዕል ያለባቸው ባዶ ካርቶኖች ናቸው። ሰው ግን ቅር አላለውም። ማዘዣ ወረቀቱን ይዘረጋላታል፤ እሷም "ገና አልከፈትንም፤ ይህንን ግን ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት፣ ከወተት ጋር እንዳይወስዱት" እያለች ታስረዳለች። አመስግኖ ይሄዳል። አንዳንዱ "እዚህ ቤት ጥሩ ነው፤ ያዋሩሃል" እያለ ሌላ ሰው ይዞ ይመለሳል።

ከመካከላቸው ትከሻው በር የሚሞላ አንድ ሰውዬ ነበረ። ተራው ደርሶ ባንኮኒው ጋ ሲቆም ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ "የራስ ምታት መድኃኒት ካለ ብዬ ነው" አለ። አለመኖሩ ተነገረው፤ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አየሁት። ደረሰው፣ ዞር ብሎ አየ፣ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀ፣ ወጣ። በሦስተኛው እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ጋሼ ፈቀቅ ግን አልሳቁም። ጥግ ላይ መሰላል ላይ ወጥተው እንደ ዳኛ ሁሉንም ከላይ ሲያዩ ነው የዋሉት።

"ቁም!" አሉ ከመሰላሉ ላይ። ሃያ ስድስቱም ሰው ባለበት ቀጥ አለ።

ወርደው መጡና ጆሮዬ ሥር፣ "ሰውዬው ራሱን አላመመውም" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"አንገት ነዋ! የእሱን አንገት እይ፤ ሊናገር ሲል ወደ ኋላ ይዞራል። አሁን ደግሞ ከኋላው ያለውን አንገት እይ፤ ሊሰማ ወደ ፊት ይሰግጋል። አምስት ሳምንት ሙሉ እናንተን ዘመዶቼን ሳይ ይኼ ነገር አመለጠኝ። እናንተ የምትደብቁት በሽታ አልነበራችሁማ!"

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግራችሁም። የካርቶኑን ባንኮኒ አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፉት። ጎኑ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን አቆሙ። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጥግ ሆነ። ከጥጉ ሦስት እርምጃ ራቅ አድርገው ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፉና የተሰለፈውን ሕዝብ በሙሉ "ትንሽ ፈቀቅ! ከዚህ መስመር ኋላ!" ብለው መለሱት። ሰውዬውን በክንዱ ይዘው ጥጉ ውስጥ አቆሙት። ሰውዬው ጎንበስ አለ፣ እህቴም ጎንበስ አለች። ከፕላስተሩ ኋላ ሃያ አምስት አንገት ተሰገገ፤ አንድ ቃል የሰማ የለም። ብዙ አወሩ። እህቴ አንድ ነገር ጽፋ ሰጠችው፤ ሲወጣ ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደለት ሰው አካሄድ ነበር የሚሄደው።

"አሁን ቁረጥ!" አሉት ጋሼ ፈቀቅ አናጢውን። አናጢው መጋዙን ሊስም ምንም አልቀረውም።

ማክሰኞ ማታ እህቴ ባዶ እጇን ዘረጋች። "በሉ ጋሼ፣ ወረቀቱን ስጡኝ።"

ጋሼ ፈቀቅ ሜትራቸውን አወጡ፣ መልሰው ከተቱ። ወደ ኮርኒሱ አዩ። ወደ መብራቱ ሽቦ አዩ። የሚገፉት ነገር አጥተው ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ እኮ መሳል አልችልም።"

"ምን?"

"መስመር አይሄድልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እናትሽን ጠይቂያት።"

እማዬ ወንድሟን ለማዳን ፈጥና ገባች። "እውነቱን ነው። አስተማሪው ዶሮ ሳል ብሎት ሥሎ ሲያሳየው፣ 'የግራው ጫማ ነው የቀኙ?' ብሎታል። እኔ ራሴ እዚያው ነበርኩ።"

ማንም አልሳቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሱቅ ሲያሳምሩ ኖረው አንዲት ወረቀት አልሠሩም፤ ፀጉር አስተካካይና ጫማ ሻጭ ወረቀት ጠይቋቸው አያውቅማ። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መሐል እንኳን የተቀመጠችው በፕላስተር የተሠመረው የመጠበቂያ ወንበር ላይ ነው። "አሥራ አራት ዓመት" አለች። እኔ ግን የማልፈልገውን ተናገርኩ። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው እንቅጠር ብዬ ነበር አልኩ፤ የእሷን ሕይወት መጫወቻ አደረጉት አልኩ፤ ካርቶናም አልኳቸው። ያቺን ቃል ዛሬም ባላልኳት እላለሁ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ስንደውል ደግሞ ከሳምንት በፊት የሚችል አልተገኘም።

ጋሼ ፈቀቅ ኮታቸውን ለብሰው፣ በበሩ በኩል፣ ወጥተው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት አራት ትልልቅ ጥቅል መጠቅለያ ወረቀት ታቅፈው ቆመዋል። "አገኘሁት" አሉ። "መሳል አልችልም እንጂ ማስመር ማን ይከለክለኛል? ካርቶኑን ላንሳና ወረቀቱን ከሥር ላንጥፍ። ከዚያ ዙሪያውን በእስክሪብቶ መሄድ ነው።"

ምን እንዳሉ እስኪገባን ጊዜ ወሰደብን። ወረቀቱ ተጣበቀ፤ ክፍሉን በሙሉ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸፈነው። ባንኮኒው እላዩ ላይ ቆመና በእንብርክካቸው እየሄዱ ዙሪያውን አሰመሩት። ማቀዝቀዣውን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ መጋዘኑን፣ በሩን፣ ያቺን ጥግ፣ ሦስቱን እርምጃ ሁሉ አሰመሩ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ወረቀቱን እየወጠረች ያዘች፤ ሳንባ ምቿ ለዕለቱ ተሽሏት ነበር። ማታ ላይ ጨርሰው ጥጉ ላይ ፈረሙ። የክፍሉን ያህል ስፋት ያለው የክፍሉ ፕላን ተሠራ። ሲታጠፍ ትልቅ ብርድ ልብስ አከለ።

ሐሙስ አምስት ሆነን ተሸክመነው ሄድን። መንገድ ላይ ሰው "አልጋ ነው?" ይለናል፤ ጋሼ ፈቀቅ ከፊት ሆነው "ፕላን ነው! ፈቀቅ! ፈቀቅ!" ይላሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ስንደርስ እህቴ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እኔም ከዚያች ቃሌ ወዲህ የጋሼ ፈቀቅን ዐይን ቀና ብዬ አላየሁም።

ፕላን የምትመረምረው ኃላፊ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ ጨዋታ የማታውቅ ሴት ናት። ከፊታችን የነበረውን ሰው ወረቀቱ አንድ ጣት ያህል ስለተጨማደደ ብቻ መልሳዋለች።

"ፕላኑ የታለ?"

"ኮሪደር ላይ ነው" አለች እህቴ። "አምስት ሰው ነው የያዘው።"

ኃላፊዋ ብቅ ብላ አየች። "ስኬሉ ስንት ነው?"

"አንድ ለአንድ" አሉ ጋሼ ፈቀቅ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"አባቴ፣ ይኼ እኮ ፋይል ውስጥ አይገባም።"

"እሱ ፋይል ውስጥ ካልገባ፣ እርስዎ እሱ ውስጥ ይግቡ።"

መልሳ ታባርረናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደንቡን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። የፕላን ትንሹ ልክ ተጽፏል፤ ትልቁ ልክ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና አዳራሹን አሳየችን።

ለመዘርጋት አራት ጠረጴዛ መነሳት ነበረበት። ጋሼ ፈቀቅ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን የተደሰቱ አይመስለኝም። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ከነወንበሩ፣ ከነሻዩ ፈቀቅ አደረጉት። ወረቀቱ ሲዘረጋ የእህቴ መድኃኒት ቤት በሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሐል ተኛ። ኃላፊዋ ሜትሯን ይዛ መጣችና እግሯን አነሳች።

"እህቴ! በግድግዳ ነው የሚገቡት!" ብለው ጮኹ ጋሼ ፈቀቅ። "በሩ በዚህ በኩል ነው።"

ሴትዮዋ እግሯን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። ከዚያ ምን እንደነካት አላውቅም፣ ዞራ መጥታ በበሩ ገባች። ሌላ ጊዜ የወረቀቱን ልክ እያባዛች የምታሰላውን፣ እዚህ በቀጥታ ለካችው። ማቀዝቀዣው ልክ ነው፤ መጋዘኑ ልክ ነው፤ ማለፊያው ልክ ነው። እየለካች ሳለች ከበሩ ጀምሮ ሰልፍ መሠራቱን አየሁ። ሌላ ጉዳይ ይዘው የመጡ ሰዎች መስመሩን አይተው ተራ ይዘዋል።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች በእስክሪብቶዋ ጥጉን እያመለከተች። "ደንቡ ላይ የለም። ቦታ ነው የሚያባክነው። ይውጣ፤ መደርደሪያ ይግባበት። ፕላኑ ታርሞ ይምጣ።"

ታርሞ ይምጣ ማለት ለከርሞ ማለት ነበር።

ጋሼ ፈቀቅ ወደ ኃላፊዋ ጠጋ አሉ። የሚጮኹ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኹም። "ይውጣ ካሉ ይወጣል። በፊት ግን አንዴ ይቁሙበት። እሷ እዚያ ማዶ ትቁም። አንድ ነገር ይጠይቋት። ለእኛ ሳይሆን ለእሷ ብቻ።" ከዚያ ወደ እኛና ወደ ሰልፉ ዞሩ። "እናንተ፣ ከመስመሩ ኋላ!"

ኃላፊዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ቆመች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ ኋላ ዞር አለች። ከሦስት እርምጃ ማዶ የዘበኛው አንገት፣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አንገት፣ የእኔም አንገት ተሰግጓል። ወደ እህቴ ጎንበስ አለች። አንድ ነገር ለመሞከር ያህል የምትጠይቅ መስሎን ነበር፤ አወሩ፣ አወሩ። እህቴ ራሷን ነቀነቀች፣ በጣቷ ቆጠረችላት፣ እንደገና ራሷን ነቀነቀች። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ስትመለስ በበሩ ነው የወጣችው።

"ማኅተሙን አምጡልኝ" አለች። ጫማዋን አውልቃ ተመልሳ ገባችና ጥጉ ላይ መታችው።

ምን እንደጠየቀቻት እህቴን ስንት ጊዜ ለመንኳት! "የደንበኛ ጉዳይ ነው" ትለኛለች።

መድኃኒት ቤቱ ተሠርቶ ከተከፈተ ይኸው ስምንት ወር ሆነው። አናጢው ጥጉን ከጥቁር እንጨት ሠራው፤ ጋሼ ፈቀቅም በየሳምንቱ እየመጡ አንድ ነገር ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ እህቴ ሲወጡ ትመልሰዋለች። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ሄድኩ። ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ ጥጉ ውስጥ ቆሟል። ጀርባቸውን ሳይ አወቅኳቸው፤ ጋሼ ፈቀቅ ናቸው።

እኒያ ከአንድ ሱቅ ወደ ሌላው ሲናገሩ የሚሰሙት ሰውዬ ያንሾካሹካሉ። እህቴ እየሰማች ነው። ያ ፊቷ የእህቴ ፊት አልነበረም፤ የፋርማሲስት ፊት ነበር። አንድ ጊዜ እጇን ዘርግታ እጃቸውን ያዘችው። እኔ ከመስመሩ ላይ አንገቴን እስኪያመኝ ድረስ ሰገግሁ። አንድ ቃል፣ አንዲት የበሽታ ስም ብሰማ ብዬ ነበር። ምንም አልሰማሁም። እህቴ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም ወደ ውስጥ ኪሳቸው ከተቱት። ወጡ። አላዩኝም ብዬ ነበር።

እየተንደረደርኩ ጥጉ ውስጥ ገባሁ። "ጋሼን ምን አመማቸው?"

"አንተን ምን ልርዳህ?" አለችኝ እህቴ። ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

የጉሮሮዬን ነገር ትቼ ተከትያቸው ወጣሁ። ጋሼ ፈቀቅ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው ገርጥቷል።

"ከኋላዬ ነበርክ አይደል?" አሉኝ።

"ነበርኩ።"

"ሰማህ?"

"አልሰማሁም።"

"እውነትህን ንገረኝ። አንድ ቃል እንኳን?"

"አንድ ቃል እንኳን አልሰማሁም ጋሼ። አንገቴ እስኪቀጭ ነው የሰገግኩት።"

ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም፤ መሥሪያ ቤቱን ሲያፈናቅሉ እንኳን እንዲህ አልነበሩም። "ሦስት እርምጃ!" አሉ። "ሁለት ተኩል ቢሆን ሰምተኸኝ ነበር።" ስለ እንጨቱ ውፍረትና ድምፅ እንዴት እንደሚታጠፍ እየነገሩኝ መንገድ ጀመሩ። እኔ ምን እንደሆኑ ለማወቅ እየተጨነቅኩ፣ ይህን የመሰለ ጥሩ ሠራተኛ በመሆናቸው ረገምኳቸው። ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ያዙት። እስከ ቤታቸው ድረስ ምንም አልጠየቅኳቸውም።